የአያ ይግዛው መቀናጆ

የአያ ይግዛውን ማረፍ የነገረኝ ለጉዳይ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ሰው ነው። ባሕር ዳር የምሠራበት ቢሮ ገብቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ በሩ ላይ ዞር አለና፣ “ለመሆኑ እነዚያ አከራይሽ የነበሩት ሽማግሌ ማረፋቸውን ሰምተሻል?” አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ምን እንዳገኛቸው ጠየቅኩት። “ዕድሜ ነዋ። ትራክተሩ ሥር ተኝተው ሲጠግኑ ነው። ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት እስከ ምሳ ሰዓት ዝም አላቸው” አለኝ።

እኔም ብኖር ዝም እላቸው ነበር። በግቢያቸው ተከራይቼ በኖርኩባቸው ዓመታት የአያ ይግዛው እግር ከዚያ ትራክተር ሥር ወጥቶ ያላየሁበት ቀን ጥቂት ነው። የሰፈሩ ሰው ሰላም የሚለው ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን ነበር። “እንዴት አደሩ አያ ይግዛው?” ሲባሉ የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት ከፍ ያደርጋሉ፤ ደህና አድረዋል ማለት ነው። ሁለቱንም እግር ካወራጩ መፍቻ አቀብሉኝ ማለታቸው ነው። ይህን ቋንቋ ለመልመድ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

ፍኖተ ሰላም የተመደብኩት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በታይፒስትነት ነው። ቤት ስፈልግ ከከተማው ዳር፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከኋላው እርሻ ያለበት ግቢ አሳዩኝ። ኪራዩ ርካሽ ነበር። ለምን እንደረከሰ የገባኝ በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ነው። ተነሳ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሊነሳ ሞከረ። የዚያ ትራክተር ዋና ሙያ ለመነሳት መሞከር ነበር።

ትራክተር ስል መንገድ የሚዘጋው ትልቁ እንዳይመስላችሁ። ለአትክልት ቦታ የተሠራ ትንሽ ነገር ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ይደርሳል። በገመድ ተስቦ ነው የሚነሳ። ቀለሙ ድሮ ቀይ የነበረ ይመስላል። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ማኅበሩ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማበት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ማኅበሩ ፈረሰና አባላቱ ንብረቱን በዕጣ ተካፈሉ። ላንዱ በሬ፣ ላንዱ ቆርቆሮ፣ ላንዱ የመጋዘኑ በር ደረሰው። አያ ይግዛው ማኅበሩ ሲቋቋም ጥንድ በሬ ያስገቡ ሰው ናቸው። ዕጣቸው ሲወጣ ይህ ትራክተር ሆነ። ያን ጊዜም አይሠራም ነበር።

በሬ ሊነዱ የሄዱ ሰው ጎማው የተነፈሰ ብረት እየገፉ ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው እማማ ይታይሽ በር ላይ ቆመው አዩትና፣ “ምን ይበላል?” ብለው ጠየቁ።

“ቤንዚን።”

“እንግዲያ ጦሙን ይደር” ብለው ወደ ጓዳቸው ገቡ።

አያ ይግዛው ግን በሬዬ ነው አሉ። ሰው ሲስቅባቸውም ቃላቸውን አላጠፉም። በቀለሙም ወይኖ ብለው ስም አወጡለት። ሰፈሩ ደግሞ ከርሞ ጥጃ ይለው ጀመር። የባሰበት ሰው ሲያልፍ “ላም አለኝ በሰማይ” እያለ ያንጎራጉራል። እሳቸው ከትራክተሩ ሥር ሆነው “ወተቷን መጥተህ ቅመስ” ይሉታል። ሲናደዱ ሰምቻቸው አላውቅም። የሚናደዱት የብሎን ዳዶ ሲጠፋባቸው ብቻ ነው።

በሽታውን የሚያውቁት በማዳመጥ ነው። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት አላቸው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ አንዱን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ሞተሩ በማይሠራበት ቀንም ያዳምጡታል። “ምን ይላል?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ “ዝም ብሏል። ብረት አይሞትም እታለም፤ ያኮርፋል እንጂ” አሉኝ። በክረምት ጋቢያቸውን ለእሱ አልብሰው ራሳቸው ላስቲክ ተከናንበው ይሄዳሉ። እማማ ይታይሽ ይህን ጉዳይ ለንስሐ አባታቸው ተናግረዋል፤ ንስሐ አባትየውም መጥተው ትራክተሩን ዐይተው፣ ምንም ሳይሉ ሄደዋል።

እኔ ያለኝ ነገር ሁሉ መለዋወጫ ነበር። የሻይ ማጥለያዬ የቤንዚን ማጣሪያ ሆነ። የሸራ ጫማዬ ሶል በቢላዋ ተቀርጾ ዘይት እንዳያፈስ ሁለት ብረት መሃል ገባ። “እታለም፣ ይቺን ትጠቀሚባታለሽ?” ካሉ በቃ፣ ያ ዕቃ ከእኔ ጋር ያለው ኑሮ አልቋል። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥተው የጽሕፈት መኪናዬን ስፕሪንግ ሲያዩት ቆዩ። መጀመሪያ ያደነቁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዳያስገባቸው ለዘበኛው ነገርኩት፤ እሳቸውም በነጋታው “ጥሩ ዘበኛ አላችሁ” ብለውኝ አለፉ።

ቡሬ አንድ የአትክልት ጣቢያ የጣለው ሌላ ትንሽ ትራክተር አለ ሲባሉም ሄደው በፈረስ ጋሪ አስጭነው አመጡት። ከሁለት ሙት አንድ ነፍስ ይወጣል ብለው ነው። አንዱን ለአንዱ እየፈቱ ሲያጋቡ ቆይተው፣ የትኛው ወይኖ የትኛው መለዋወጫ እንደሆነ ከሳቸው በቀር የሚያውቅ ጠፋ። ይሁን እንጂ አንድ ጠዋት ሞተሩ ተነሳ። ተነስቶም ቆየ። እማማ ይታይሽ ከጓዳ ወጥተው፣ “ኧረ ዶሮዎቹን አስደነገጥካቸው” አሉ። ደስ እንዳላቸው ያወቅኩት ቆመው በመቅረታቸው ነው።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው እታገኝ የመጣች ዕለት ነው። እታገኝ መሬቷ ከአያ ይግዛው ማሳ ጋር የሚዋሰን፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ጎሽሜ የሚባል አንድ በሬ አላት። በአገራችን አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ባለ አንድ በሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይስማማና ጥንድ አድርገው ተራ በተራ የሁለቱን መሬት ያርሳሉ፤ መቀናጆ የሚባለው ይህ ነው። ለእታገኝ ግን የሚቀናጃት ጠፋ። ቤቷ እርፍ የሚይዝ ወንድ ስለሌለ ሁሉም ይሸሻታል። በዚያ ላይ ያን ዓመት ቀበሌው ጦሙን ያደረ መሬት እየለየ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ሊሰጥ ነው ተባለ። ኮሚቴው ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ ይዞራል። የእታገኝ ማሳ አልታረሰም።

መጥታ ከእግራቸው አጠገብ ቆመች። እኔ ልብስ ሳሰጣ እሰማለሁ።

“አያ ይግዛው፣ በሬ አለዎት አሉ።”

እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። “ማን አለ?”

“እርስዎ ነዎት ያሉ።”

ቀስ ብለው ከሥር ወጡና ተቀመጡ። “አዎን፣ ብያለሁ” አሉ።

“እንግዲያ ተኔ ጎሽሜ ጋር ያቀናጁኝ። መሬቴ ጦሙን አድሮ ሊሄድብኝ ነው። ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?”

ከእሳቸው በቀር ያን ብረት በሬ ብሎ የጠራ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። አያ ይግዛው ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ቤንዚኑ ነው አሉ።

መቀናጆ ያለ ሽማግሌ አይጸናምና ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ዋናው መሪጌታ አድማሱ ነበሩ፤ በቅኔያቸውም በፍርዳቸውም የተፈሩ ሰው። ትራክተሩን ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ ተቀምጠው መጠየቅ ጀመሩ።

“ያመነዥካል?”

“አያመነዥክም።”

“በበዓል ቀን ይሠራል?”

“እኔ ካልነዳሁት አይሄድም። እኔ ደሞ ሚካኤልን አልሽርም።”

“እንግዲያ ክርስቲያን ነው” አሉ መሪጌታ። “ቢሞት ይበላል?”

“አይበላም።”

“ይኸ ጉድለት ነው።” ሌሎቹም ጉድለት መሆኑን ተስማሙ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ “ሁሉም ይሁን። መቀናጆ ማለት ግን ባንድ ቀንበር ሥር መግባት ነው። ቀንበር ሳይነካው በሬ ነው ብዬ አልፈርድም” አሉ።

የሽማግሌ ቃል ነው፤ ማን ይከራከራል? በዓል ባልሆነ ቀን ተመርጦ ቀንበሩ መጣ። አንዱ ጫፍ ጎሽሜ ጫንቃ ላይ ተጫነ፤ ሌላው ጫፍ በጠፍር ትራክተሩ አፍንጫ ላይ ታሰረ። አያ ይግዛው ትራክተሩ ላይ ስለተቀመጡ እርፍ የሚይዝ ሰው ታጣ። እታገኝ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳችና፣ “እርፉን መሪጌታ በእጃቸው ቢባርኩልኝ” አለች። መሪጌታ ሕዝቡን አዩ፤ ሕዝቡም እሳቸውን አየ። ጋቢያቸውን አጣፍተው እርፉን ያዙ።

ያን ቀን ባይነሳ ይሻል ነበር፤ ሞተሩ ገና በመጀመሪያው ገመድ ተነሳ። ጎሽሜ ዞር ብሎ የተቀናጀውን ጓደኛ አየ። ቀንድ የለውም፤ ጭስ ይወጣዋል። እዚያው ተተክሎ ቀረ። ትራክተሩ ደግሞ ሄደ። አንዱ ቆሞ አንዱ ሲሄድ መዞር እንጂ ሌላ ምን ይመጣል? ዞሩ። መሪጌታም እርፉን ሙጭጭ አድርገው አብረው ዞሩ፤ ጥምጥማቸው ወደቀ፣ እሳቸው ግን አለቀቁም። አያ ይግዛው ማቆሚያው በየት በኩል እንደሆነ እስኪያስታውሱ ድረስ መሬቱ ላይ አውድማ የሚያህል ክብ ወጣ። ማንም አልሳቀም። ሰው ሁሉ አጎንብሶ መሬት መሬት ያይ ነበር።

መሪጌታ ጥምጥማቸው ተነስቶ ተሰጣቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀው፣ “ቀንበር ማለት ቃል ነው። ቃል ተሰጣጡ፤ ይበቃል” ብለው ፈረዱ።

ቃል ተሰጣጡ። አያ ይግዛው የቸገረው ይቅደም ብለው መጀመሪያ ከእታገኝ ማሳ ገቡ። አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ ለስልሶ ስለነበር ትንሹ ትራክተር ትንሽ ማረሻ እየጎተተ፣ እያኮረፈና እየታረቀ፣ በየትልሙ ጫፍ እየተዳመጠ፣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አረሰው። እታገኝ ከኋላው ሣር እየለቀመች ትሄድ ነበር። እማማ ይታይሽ ምሳ ሲያመጡ ቆም ብለው የተገለበጠውን አፈር አዩና፣ “በልቷል ለካ” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቤንዚኑ አልተናገሩም።

ወደ አያ ይግዛው ማሳ ተሻግረው ጥቂት ትልም እንዳወጡ ከሞተሩ ውስጥ ብረት ብረትን ሲመታ ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ። ገመዱን ሳቡት፤ አልዞረም። እንጨታቸውን አምጥተው አዳመጡ። ብዙ ቆዩ። እንጨቱን አስቀመጡና “አኮረፈ” አሉ። ጎሽሜ ተጠምዶ ወደ ቤት ጎተተው። ያን ጊዜ ጎሽሜ አላስቸገረም፤ ጭስ አልነበረማ።

ኮሚቴው መጣ። የእታገኝ ማሳ ታርሷል፤ አለፉት። የአያ ይግዛው ጦሙን አድሯል። ሊቀመንበሩ ራሱ አፍሮ፣ “አያ ይግዛው፣ ደንብ ነውኮ” አላቸው። “ደንብ ተሆነማ ደንብ ነው” አሉት። ትልቁን ማሳ ወስደው ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ ተዉላቸው። እታገኝ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ያን ቀን የነበረውን ፊቷን አልረሳውም። አያ ይግዛው ወደ ቤት ሲመለሱ አለፍ ብለው፣ “የዘንድሮ ጤፍሽ ያምራል፤ አፈሩ ደህና ተገልብጧል” አሏት። እኔ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። እሳቸው ትራክተሩ ሥር ገቡ።

በመከር እታገኝ ጤፍ አስጭና መጣች። አያ ይግዛው አልተቀበሉም። የሰው እህል በልቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም ብለው አህያውን ከነጭነቱ መለሱት። በነጋታው ሽማግሌዎቹን ይዛ ተመለሰች።

“መሪጌታ፣ በመቀናጆ ያንዱ በሬ ቢታመም ሕጉ ምንድር ነው?”

“ባለቤቱ እያስታመመ ይቆያል። ጤነኛው ለሁለቱም ያርሳል። የታመመው እስኪድን ወይ እስኪሞት መቀናጆው አይፈርስም” አሉ መሪጌታ።

ወደ አያ ይግዛው ዞረች። “ይንገሩኝ እንግዲህ። ወይኖ ሞቷል ወይስ ታሟል?”

ሞቷል ቢሉ ነፃ ናት፤ እሳቸውም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ታሟል ቢሉ ጤፉን መቀበል ነው። አያ ይግዛው ወደ ትራክተሩ አዩ፣ ወደ እማማ ይታይሽ አዩ። “ብረት አይሞትም ስል የኖርኩ ሰው…” አሉና አቋረጡት። “ታሟል” አሉ።

ጤፉ ገባ። በዓመቱ እታገኝ ከምርቷ ሁለተኛ በሬ ገዛች። ጥንድ ያለው ሰው መቀናጆ አያስፈልገውም። ትልቋ ልጇም አግብታ አማችዋ እርፍ ያዘ። እሷ ግን በየዓመቱ ከራሷ ማሳ አስቀድማ ያችን የአያ ይግዛውን ቁራሽ ታሳርሳለች፤ ከትልቁ ማሳዋም የእሳቸውን ድርሻ ትሰፍራለች። እሳቸውም በየጠዋቱ ትራክተሩ ሥር ይገባሉ።

ሞተሩ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁን በጣታቸው ሲዳስሱት አይቻለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር የሄደ ነው። ይህን የመሰለ ብረት ብየዳም እንደማያድነው ያውቃሉ። አንድ ቀን ቁርስ ሳይበሉ ኩሽኔታውን በግራሶ ሲያሹ አግኝቻቸው፣ “አያ ይግዛው፣ አሁን ይኸ ምን ያደርጋል?” አልኳቸው። እጃቸውን ሳያቆሙ፣ “ታላስታመምኩት ምጽዋት በላሁ ማለት ነው” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የጠየቁኝን ዕቃ ሁሉ ሳላንገራግር ሰጠኋቸው። ወደ ባሕር ዳር ስዛወር ማጥለያ የለኝም፣ መስተዋት የለኝም፣ የቀረኝ ጫማ የእግሬ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ለቅሶ የሄድኩት እኚህን ሰው ላልቅስላቸው ነው። ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ መሪጌታ አድማሱ አሉ፤ አርጅተዋል። እታገኝም ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ትራክተሩ ከግቢው ጥግ እንደቆመ ነው። ሰው ጸጥ ሲል እማማ ይታይሽ ቀና አሉ።

“እታገኝ” አሉ። “እግዜር ይስጥሽ። እስተ ዛሬ አኖርሽን። በሬውን የሚያስታምመው ሄዷል፤ ተዚህ ወዲያ ነፃ ነሽ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ልበልሽ ብዬ ነው።”

ያችን ቁራሽ መሬት የሚያርስ ሌላ ሰው እንደሌላቸው ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። መሪጌታ መቋሚያቸውን አሻሹ። ሕጉ አስታማሚ ይጠይቃላ፤ ምን ይበሉ። እታገኝም ተነስታ ወጣች። አንዳንዱ ሰው ከፋት ብሎ ተንሾካሾከ፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ቆይታ ተመለሰች። የለቅሶ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ እጆቿ እስከ ክርኗ በግራሶ ጠቁረዋል። መሪጌታ ፊት ቆማ እጆቿን ዘረጋች።

“አስታማሚ አለው” አለች። “በሬው እንደሆን ገና አልዳነም።”

መሪጌታ እጆቿን አዩ። “አልሞተም?”

“አልሞተም።”

“እንግዲያ ሕጉ እንዳለ ነው” አሉ።

እማማ ይታይሽ ተነሱ። አንዲት ልጅ ውሃ በጣሳ ይዛ ስትመጣ፣ “ውሃ አያስለቅቀውም” ብለው መለሷት። ወደ ጓዳ ገብተው ባለቤታቸው ይታጠቡበት የነበረውን የላምባ ጠርሙስ አመጡና በእታገኝ እጅ ላይ ማፍሰስ ጀመሩ። እታገኝ ታሻለች፤ እሳቸው ያፈሳሉ። ሁለቱም እንባቸው ይወርዳል፤ የሚጠርገው የለም።

“የላላው የትኛው ብሎን ነው?” አሉ እማማ ይታይሽ።

“ሁሉም ነው፣ እትዬ።”

“እንግዲያ ነገ በጠዋት ነይ” አሏት።